ሳይቀደድ የተሰፋ

ማክሰኞ፣ የካቲት 25

ሙቀቱ ጀምሯል። ከማስተምርበት ኬጂ ስወጣ የባጃጁ ወንበር ያቃጥል ነበር። ልጆቹ ዛሬ አላስቀምጥ አሉኝ… ግማሹ በኦሮምኛ፣ ግማሹ በሶማሊኛ፣ የቀረው በአማርኛ ይጮሃል። ኑርሀን የምትባል የአምስት ዓመት ጉድ አለች፣ በሦስቱም ትመልስልኛለች።

ቤት ስደርስ አባባ በረንዳ ላይ ቬንትሌተሩን ፈትቶ ተቀምጧል። ጡረታ ከወጣ ስንት ዘመኑ፣ እጁ ግን እስካሁን ከምድር ባቡር ጥገና ክፍል አልወጣም። የተበላሸ ሲያጣ ደህናውን ይፈታል። እማ ከውስጥ ሆና "ሀብተ ማርያም፣ ደህናውን ዕቃ ተወው እንጂ" ትለዋለች። እሱም እሺ እያለ ይፈታል።

ሠርጌ ግንቦት 10 ነው። በተክሊል። ተክሊሉን አጥብቀው የፈለጉት የእጮኛዬ የሰይፈ ሚካኤል እናት ናቸው። ካህን አክሊል ጭኖ የሚያጋባው ድንግል የሆኑትን ብቻ ስለሆነ ለእሳቸው ትልቅ ነገር ነው፣ ልጃቸው ሰንበት ትምህርት ቤት ያደገ፣ ጉምሩክ የሚሠራ… እኔ ምን ቸገረኝ? ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ወንድ አላውቅም። የሚያስፈራኝ ያ ባለ ረጅም ተረከዝ ጫማ ብቻ ነው።

ከነገ ወዲያ ከእማ ጋር ለደም ምርመራ እንሄዳለን። ለቤተ ክርስቲያን ወረቀቱ ያስፈልጋል።

ሐሙስ፣ የካቲት 27

ደሙን ሰጠሁ። ሊያልቅ ነው ስል እማ የጤና ጣቢያውን አዋላጅ ወደ ጥግ ወስዳ አንሾካሾከች። ከዚያ ወደ እኔ መጥታ "አንድ ጊዜ ትይሽ" አለችኝ። ምኔን?

ልክ እንደ ሕፃን ታዘዝኩ። ለምን እንደታዘዝኩ አሁንም አላውቅም… አልጋው ላይ ወጣሁ፣ ጣራውን አየሁ። አዋላጇ ጓንቷን እያወለቀች የነገረችው ለእኔ አይደለም፣ ለእማ ነው።

"የለም" አለቻት።

ሱቅ ሄደው ዘይት ሲጠይቁ እንደሚባለው። የለም። በቃ።

ባጃጅ ውስጥ ማልኩላት። በማርያም። በቁልቢው ገብርኤል። እማ፣ ማንም ነክቶኝ አያውቅም። ሾፌሩ እንዳይሰማ በጆሮዋ ነው የማልኩት። እማ መንገዱን አየች፣ እስከ ቤት ድረስ።

እሑድ፣ የካቲት 30

እማ ዓይኔን አታይም። ምሳ ስታቀርብልኝ ሳህኑን ታያለች፣ ስትጠራኝ ግድግዳውን ታያለች። ሦስት ቀን ሙሉ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 3

ዛሬ ተናገረች። አልጋዬን እያነጠፈች፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ። "ይጠገናል አሉ።"

ጥገና! ሳቄ መጣ፣ ከዚያ ዕንባዬ። በዚህ ቤት ጥገና ማለት የባቡር ነገር ነው፣ የቬንትሌተር ነገር ነው። "ያልተሰበረ ነገር ምኑ ይጠገናል?" አልኳት። የሰይፈ ሚካኤልን እናት አነሳችብኝ። እንደ ወጋቸው፣ በሠርጉ ማግስት ሚዜዎቹ ደም የነካውን ጨርቅ ይዘው እየዘፈኑ እኛ ቤት ካልመጡ ሴትዮዋ ደጃችንን አይረግጡም። ዘመዶቻቸው ከምንጃር ድረስ ይመጣሉ። በዚያ ቀን ያለ ጨርቅ ብትመለሺ እኔ በምን ፊቴ ሰው መሀል እቆማለሁ? ይህንን ሁሉ ለአልጋ ልብሱ ነገረችው።

እኔ የፈለግሁት ጨርቅ አይደለም። እንድታምነኝ ነው። ሌላ ሰው የፈለገውን ይበል… እማ ግን? አንድ አልጋ ላይ ያሳደገችኝ፣ የት እንደምሄድ፣ ከማን ጋር እንደምውል የምታውቀው እማ?

ማክሰኞ፣ መጋቢት 9

ሳቢያን ሰፈር ያለ የግል ክሊኒክ። ዶክተሩ ወጣት ነው፣ ቶሎ ቶሎ ያወራል። ካየኝ በኋላ እማን ውጭ አስቀምጦ ለብቻዬ አነጋገረኝ። ይህን እንድታሠሪ ያስገደደሽ ሰው አለ ወይ አለኝ። የለም አልኩት። (ውሸት ነው? አላውቅም።)

ከዚያ ቀስ ብሎ ነገረኝ። ይህን ሥጋ አይቶ ድንግል ናት፣ አይደለችም ማለት የሚችል ሐኪም የለም። ሲወለዱ ጀምሮ እምብዛም የሌላቸው አሉ። በመጀመሪያው ቀን የማይደሙም ብዙ ናቸው። አዋላጇ እንደዚያ ማለት አልነበረባትም አለ።

"ይህን ለእናቴ ይንገሩልኝ" አልኩት።

አስገባትና ያንኑ ደገመላት። እኔ እማን አየሁ፣ እማ ወለሉን አየች። ሲጨርስ "ይሁን። ቀኑን ይንገሩን" አለች።

ሐኪሙንም አላመነችውም ማለት ነው። እንግዲህ ማን ቀረ?

ዶክተሩ ወደ እኔ ዞሮ ውሳኔው ያንቺ ነው አለኝ። ብዙ አላሰብኩም። ካልተሰፋሁ እማ ዳግመኛ ዓይኔን አታይም፣ ያ ብቻ ነው የታየኝ። እሺ አልኩ።

ዓርብ፣ መጋቢት 12

አለቀ። ተኝቼ ነው የምጽፈው፣ ፊደሌ ተንጋዷል።

ያደነዘዙኝ እዚያው ቦታ ላይ ነው፣ ራሴን አውቃለሁ። መርፌው አይሰማም፣ ክሩ ሲጎተት ብቻ ይሰማል። እጄን የያዘችኝ ነርስ ሆዳን ትባላለች። "አባዮ፣ ተንፍሺ" ትለኛለች። በሶማሊኛ እህቴ ማለቷ ነው። ክሩ ራሱ ሟሙቶ ይጠፋል፣ ማውጣት የለም አለችኝ።

"ማንም ሳይነካኝ ነው እኮ" አልኳት። ለምን ለእሷ እንደምምል እንጃ።

"አባዮ፣ እኔ ዘንድ የተነካችውም ያልተነካችውም አንድ ናት። መርፌው አይጠይቅ፣ እኔም አልጠይቅም ወላሂ።"

መጀመሪያ ከፋኝ፣ እሷም አላመነችኝም ብዬ። አሁን ሳስበው ግን ከሰማሁት ሁሉ የሷ ይሻላል። የተነካችውስ ብትሆን ለምን ትሰፋለች? እስከ ዛሬ እንዲህ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 13

ለብ ያለ ውሃ በጨው፣ ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ። መቀመጥ በጎን። ሽንት ያቃጥላል። ደሙ ትንሽ ነው። ማስነጠስ ፈራሁ፣ መሳቅም ፈራሁ… የሚያስቅ ነገርስ የት አለና።

ሰኞ፣ መጋቢት 15

አባባ የሚያውቀው "የሴት ሕመም" መሆኑን ነው። እማ እንዲያ ስትለው ሌላ ሳይጠይቅ ወጣ። ሲመለስ ፓፓያና ከመጋላ ገበያ የተገዛ ሙሸበክ፣ የምወደውን ጣፋጭ፣ ይዞ መጣ። እስከ መጋላ ድረስ በዚህ ፀሐይ! በሩ ላይ ቆሞ "ተሻለሽ?" ይላል፣ አይገባም፣ ያፍራል። ለእሱ መዋሸት ከስፌቱ በላይ ያማል።

እማ ደግሞ ለንስሐ አባታችን ደውላ፣ ልጄ መድኃኒት ላይ ናት፣ ወተት ትጠጣ ወይ ብላ አስፈቀደችልኝ። ዐቢይ ጾም ነው። አባ የታመመ ሰው አይጾምም አሉ። እማ አፍልታ አቀረበችልኝ። ምን ታምሜ ነው የምጠጣው?

ዓርብ፣ መጋቢት 19

ዛሬ ስፌቱ ያሳክካል። መዳን ነው አለች ሆዳን በስልክ። መብራት ጠፍቷል፣ ቬንትሌተር የለም፣ አንሶላው ገላዬ ላይ ተለጥፏል። ሰይፈ ሚካኤል ሊጠይቀኝ ፈልጎ ነበር፣ እማ ትኩሳት አለባት፣ ተኝታለች ብላ መለሰችው። እሱም በቴክስት "እግዚአብሔር ይማርሽ፣ የኔ ሙሽራ" አለኝ።

ሰኞ፣ መጋቢት 22

ሥራ ገባሁ። ኮብልስቶኑ ላይ ባጃጁ ሲዘል ብረቱን ጨብጬ በግማሽ ተነስቼ ሄድኩ።

ኑርሀን ክፍል ስገባ ሮጣ ጭኔ ላይ ልትወጣ ዘለለች። በእጄ ገፋኋት… በኃይል። ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ አየችኝ። "ሚስ፣ ጠላሽኝ?" አለችኝ። አሞኛል አልኳት። የቱን አለች። ልጅ የቱን ይላል፣ ትልቅ ሰው ብቻ ነው የማይጠይቀው። ሆዴን አልኳት። ቀኑን ሙሉ ሌሎቹን ልጆች "ሚስ ሆዷን አሟታል፣ አትንኳት" እያለች ስትጠብቀኝ ዋለች።

ዓርብ፣ መጋቢት 26

ቀጠሮ። ጥሩ ድኗል አለ ዶክተሩ። ከዚያ ደግሞ፣ ደም ይመጣል ብዬ ግን ቃል አልገባልሽም አለኝ። ሊመጣም ላይመጣም ይችላል።

ይህን ሁሉ ሆኜ? እማ ከጎኔ ነበረች፣ ሰምታለች። በመንገድ ላይ "ይመጣል፣ እመቤቴ አታሳፍረንም" አለች። እመቤታችንን እንኳ እዚህ ጉዳይ ውስጥ አስገባቻት።

እሑድ፣ ሚያዝያ 12

ፋሲካ። እማ ተመለሰችልኝ። ዓይኔን እያየች "እንኳን አደረሰሽ" አለችኝ፣ ጉንጬን ሳመችኝ፣ ከሰዓት በኋላ ጸጉሬን ዘይት ቀብታ ሠራችኝ። እንደ ድሮው የሰው ወሬ ታወራለች፣ ትስቃለች። አባባ "ዛሬ ምን አግኝታ ነው?" አለኝ በጥቅሻ።

ደስ አለኝ። ደስ ሲለኝ ደግሞ በራሴ አፈርኩ። የተለወጠው ምንድን ነው? ሦስት አራት ቦታ የገባ ክር።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 18

አባ እኔንና ሰይፈ ሚካኤልን አስጠሩን። ስለ ተክሊል አስተማሩን። ከዚያ በየተራ ጠየቁን፣ በድንግልና ናችሁ ወይ ብለው። ሰይፈ ሚካኤል "አዎ አባ" አለ፣ ቶሎ፣ እንደ አቴንዳንስ። እሱን ማን አልጋ ላይ አስተኝቶ አየው? ማንም። ቃሉ በቃ።

የእኔ ተራ ደረሰ። እውነት እኮ ነው! "አዎ" ማለት ብቻ ነበረብኝ። አንደበቴ ተሳሰረ። አባ አፍራ ነው ብለው ፈገግ አሉ። በመጨረሻ አዎ አልኩ፣ ግን ስናገረው የሌላ ሰው ቃል መሰለኝ። ከመሰፋቴ በፊት እውነተኛ ነበርኩ፣ የሚያምነኝ አልነበረም። አሁን ሁሉም ያምነኛል፣ እኔ ግን እውነቴን ስናገር እንደ ሌባ እደነግጣለሁ።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 22

ጠየቅኋት። እማ የሠርጉን ነጠላ ጥለት እያየች ነበር፣ ደስ ብሏታል። አሁን ካልጠየቅኩ መቼም አልጠይቅም ብዬ።

"እማ፣ አሁን ታምኚኛለሽ?"

ቀና አለች። "ምኑን?"

"ማንም እንዳልነካኝ።"

ነጠላውን አጠፈችው። እንደገና ዘረጋችው። "እኔማ መቼ ሳላምንሽ ቀረሁ? ባጃጁ ውስጥ በገብርኤል ስትምዪ፣ ያኔ ነው ያመንኩሽ። አንቺን እኔ አጣሁሽ?"

ቁጭ አልኩ። ታዲያ ለምን አልኳት፣ ለምን አሰፋሽኝ?

"እኔ ስላመንኩሽ ጨርቅ ላይ ይታያል?" አለችኝ። "ለሰው ብዬ ነው እንጂ ላንቺ ብዬ መሰለሽ?"

ዓይኔንስ? ዓይኔን ለምን አታዪም ነበር? ይህንን ጮክ ብዬ መሰለኝ ያልኩት።

"አፍሬ ነዋ እፁ። የማደርግብሽን እያወቅኩ ዓይንሽን እንዴት ልይ?"

ተነስቼ ወጣሁ። ታምነኝ ነበር። እኔ እንድታምነኝ ብዬ ተሰፋሁ፣ እሷ ደግሞ እያመነችኝ ነው የሰፋችኝ። ባታምነኝ ይሻል ነበር። እውነቴን ነው፣ ይሻለኝ ነበር።

እሑድ፣ ሚያዝያ 26

ከቅዳሴ በኋላ ከዚራ ሰፈር ያለ ጁስ ቤት ተቀመጥን። ለሰይፈ ሚካኤል ሁሉንም ነገርኩት። አዋላጇን፣ ዶክተሩን፣ ክሩን። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ጠረጴዛውን እያየሁ።

"አምንሻለሁ" አለኝ። ወዲያው! አንድ ጥያቄ ሳይጠይቅ። ዕንባዬ መጣ። እንደዚያች ደቂቃ ወድጄው አላውቅም።

ከዚያ "ይልቅ ተሰፍቶልሽ የለ? እንግዲህ ምን ያስጨንቅሻል፣ ማንም ሳያውቅ ያልፋል" አለ። ተንፈስ አለ፣ ጁሱን ሳበ።

አንድ ነገር ለመንኩት። ጨርቁ ይቅር። ሚዜም፣ ዘፈንም አልፈልግም። ለእናትህ አንተ ንገራቸው፣ እኔ አምናታለሁ በላቸው፣ ከዚያ በላይ አልጠይቅህም። ብርጭቆውን አዞረው።

"እኔ አምንሻለሁ እፁ። ግን ሰው…"

"እንግዲያው ሰውን አግባ" አልኩት።

ላደርገው አስቤ አልሄድኩም። የእጮኝነት ቀለበቴን ግን አውልቄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። እስከ ቤት በእግሬ ሄድኩ፣ በዚያ ፀሐይ። አሁን ነው የሚያመኝ። እወደዋለሁ እኮ። አሁንም።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 27

እማ ታለቅሳለች። ደግሳ ነበር፣ ጠርታ ነበር፣ ምን ብላ ትመልስ?

አባባ በረንዳ ላይ አስቀመጠኝ። መታሽ ወይ አለኝ። አልመታኝም። ሌላ ሴት አለችው? የለችውም። "ታዲያ ምን አደረገሽ?"

"ለእናቱ አንድ ነገር እንዲነግርልኝ ለመንኩት። አልቻለም።"

ምን ነገር እንደሆነ አልጠየቀኝም። ገብቶ ኮቱን ለበሰ፣ በዚህ ሙቀት ኮት፣ ሠርጉ እንደቀረ ለሽማግሌዎቹ ሊነግር ሄደ።

እሑድ፣ ግንቦት 10

ዛሬ ነበር። ልብስ አጠብኩ። አንሶላ ሁሉ አጠብኩ።

ዓርብ፣ ግንቦት 15

ከሥራ እንደተመለስኩ እትዬ ዘነበች መጡ፣ የእማ የማኅበር ጓደኛ። እኔ ክፍሌ ውስጥ ነበርኩ፣ በሩ ገርበብ ብሎ። ስለ ሙቀቱ አወሩ፣ ስለ ቲማቲም ዋጋ አወሩ። ከዚያ እትዬ ዘነበች ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ላንቺ ብዬ ነው የምነግርሽ የሺአረግ፣ ሰው ብዙ ይላል፣ ልጁ ነገሩን ደርሶበት ነው የተዋት ይባላል፣ ያው… ክብሯን…

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ የእማን መልስ አውቀዋለሁ አልኩ። እማ ትምላለች። ወይም ታማ ነው ትላለች። ወይም ታለቅሳለች።

"ዘነበች፣ ስሚኝ" አለች እማ። ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም። "ልጄ ምንም አልሆነችም። ሐኪም ቤት ወስጄ ያሰፋኋት እኔ ነኝ። ደህና ልጅ ይዤ ሄጄ ሳትቀደድ አሰፋኋት። ለእናንተ ብዬ። የምታወሪ ከሆነ ይህንን አውሪ።"

በረንዳው ላይ የአባባ መፍቻ ድምፅ ቆመ። ሰምቷል። አሁን አባባም ያውቃል።

እትዬ ዘነበች ጃንጥላቸውን አንስተው ወጡ። እማ ተነስታ አልሸኘቻቸውም፣ እዚህ ቤት እንግዳ ሳይሸኝ ሲወጣ አይቼ አላውቅም። እኔ ከክፍሌ ስወጣ አባባ ገባ። ሁለታችንንም አየን። እማን ምን ሊላት ይሆን ብዬ ፈራሁ። እሱ ግን ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ፣ እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ። የማሽን ዘይት ይሸታል።

ይቅር ብያታለሁ? አላልኩም። ማታ ማታ አሁንም ክሩ ሲጎተት ይሰማኛል፣ ሟሙቶ ካለቀ ሰንብቷል። ግን እማን አውቃታለሁ… ዕድሜዋን ሙሉ የፈራችው የሰው አፍ ነው። ዛሬ በገዛ እጇ ከፈተችው።

እራት ላይ ጉርሻው ከእጇ ወደቀ። "ነገ ቀፊራ ገበያ አልሄድም" አለች። "ዘነበች ለማን ለማን እንደነገረች… ሁሉም ዞሮ ያየኛል። አልችልም።"

"በጠዋት እንነሳ፣ ሳይሞቅ" አልኳት። "አብሬሽ እሄዳለሁ።"